የንጥረ ነገሮች ልዩ የሙቀት አቅም፦ ከጅማ የፊዚክስ ክፍሎች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ሌላ ካልተባለ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሠሩ ናቸው፤ መለኪያቸውም ጁል በግራም በዲግሪ ነው። በየቦታው እንዳይደጋገም ቁጥሩን ብቻ እንጽፋለን።

ልዩ የሙቀት አቅም ምን ማለት ነው?

የአንድን ነገር 1 ግራም በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ተማሪው «ስፔሲፊክ ሂት» የሚለው ይኸው ነው። «ልዩ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል፤ እዚህ ላይ «ብርቅ» ወይም «ከሌላው የተለየ» ማለት ሳይሆን «በየግራሙ» ማለት ነው። ግራሙን ትተን የዕቃውን በሙሉ ስንወስድ «የሙቀት አቅም» ብቻ እንላለን። አንድ ሚስማርና አንድ የበር ፍሬም ሁለቱም ብረት ከሆኑ ልዩ የሙቀት አቅማቸው እኩል ነው፤ የሙቀት አቅማቸው ግን የትና የት።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሙቀት = ክብደት × ልዩ የሙቀት አቅም × የመጠነ ሙቀት ለውጥ። ግማሽ ኪሎ መዳብ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ 500 × 0.385 × 60 = 11,550 ጁል ይበቃል። ያንኑ ያህል ውሃ ግን 125,400 ጁል ይፈልጋል። ውሃ 4.18 ስለሆነ ነው።

የዋና ዋናዎቹ ቁጥር ስንት ነው?

ከጠጣሮቹ አንደኛው ሊቲየም ነው፤ 3.58። ቤሪሊየም 1.83፣ ሶዲየም 1.23፣ ማግኒዚየም 1.02፣ አሉሚኒየም 0.897፣ ፖታሲየም 0.757። ከዚያ ወደ መሃሉ ስንወርድ ድኝ 0.71፣ ካልሲየም 0.647፣ ታይታኒየም 0.523፣ ብረትና ክሮሚየም ሁለቱም 0.449፣ ኒኬል 0.444፣ ዚንክ 0.388፣ መዳብ 0.385። ከታች ያሉት ከባዶቹ ናቸው፦ ብር 0.235፣ ቆርቆሮ 0.227፣ ሜርኩሪ 0.140፣ ፕላቲኒየም 0.133፣ ተንግስተን 0.132፣ ወርቅና እርሳስ 0.129፣ ዩራኒየም 0.116።

ቆርቆሮ ስንል ንጥረ ነገሩን ነው። የቤት ጣሪያ የምንለው ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት በመሆኑ የጣሪያ ቁራጭ አምጥቶ 0.227 መጠበቅ አይሆንም፤ የሚወጣው ወደ ብረት የተጠጋ ቁጥር ነው።

እርሳስ ያን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ለምን እንዲህ አነሰ?

ያነሰው ከባድ ስለሆነ ነው። ሙቀትን የሚቀበለው ግራሙ ሳይሆን አቶሙ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ ቢቆጠሩ የፍሬያቸው ብዛት እንደማይገናኝ ሁሉ፣ በ1 ግራም አሉሚኒየም ውስጥ ያሉት አቶሞች በ1 ግራም እርሳስ ውስጥ ካሉት 7.7 እጥፍ ይበልጣሉ (207.2ን ለ26.98 አካፍሉ)። ጠጣር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አቶም፣ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ በቦታው እየተንቀጠቀጠ ለአንድ ዲግሪ የሚወስደው ድርሻ ተቀራራቢ ነው። እንግዲያው ብዙ አቶም ያለው ግራም ብዙ ሙቀት ይወስዳል። በእርግጥም 0.897ን ለ0.129 ስናካፍል 7 ገደማ ይመጣል። 7.7 ያልሆነው የእርሳስ አቶም የሚወስደው ድርሻ ከአሉሚኒየሙ ትንሽ ስለሚበልጥ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ፈረንሳውያኑ ዱሎንግና ፔቲ ናቸው፤ በ1819 እ.ኤ.አ.። ልዩ የሙቀት አቅምን በአቶም ክብደት አባዙትና በየሞሉ፣ ማለትም እኩል የአቶም ብዛት ባለው መጠን፣ የሚወሰደው ሙቀት ይወጣል፤ እዚህ መለኪያው ጁል በሞል በዲግሪ ነው። አሉሚኒየም 24.2፣ መዳብ 24.5፣ ብረት 25.1፣ ብር 25.3፣ ወርቅ 25.4፣ እርሳስ 26.7። ከላይ ባለው ዝርዝር፣ ሠንጠረዡ በምንለው ላይ፣ ከ0.129 እስከ 0.897 ተበታትነው የነበሩት ቁጥሮች እዚህ ሲደርሱ 25 ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የጋዝ ቋሚ ቁጥር ሦስት እጥፍ 24.9 ነው፤ ቲዎሪው የሚለውም ይህንኑ ነው። ከሠንጠረዡ አንድ ነገር ብቻ በቃል ያዙ ብንባል የምንመርጠው ይህን 25 ነው። ሌላው ሁሉ ከአቶም ክብደት በግምት ይገኛል።

ካርቦን ግን 25 አይመጣም። ስህተቱ የት ነው?

ስህተት የለበትም። ግራፋይት 0.709 × 12.01 = 8.5፣ አልማዝ ደግሞ 6.1 ብቻ ነው። ቦሮን 11.1፣ ቤሪሊየም 16.4፣ ሲሊከን 20 ገደማ። እነዚህ አቶሞቻቸው ቀላል ሆነው እርስ በርስ በጣም ጠንክረው የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ንዝረታቸው ፈጣን ነው። ፈጣን ንዝረት ጉልበት የሚቀበለው በትልልቅ ቁርጥ እንጂ በጥቂት በጥቂቱ አይደለም፤ በክፍል ሙቀት ደግሞ ያን ትልቅ ቁርጥ መክፈል የሚችል ጉልበት እምብዛም የለም። አብዛኛው ንዝረት እንደተኛ ይቀራል። ይህን ያስረዳው አልበርት አይንስታይን ነው፣ በ1907 እ.ኤ.አ.፤ ፒተር ዲባይ በ1912 አሻሻለው። አልማዙ በጣም ሲሞቅ ወደ 25 ይጠጋል።

ለሃይድሮጅን አንዱ መጽሐፍ 14.3፣ ሌላው 10.2 ይላል። የቱ ትክክል ነው?

ሁለቱም። ጋዝን ክዳኑ በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ ስታሞቁት ሙቀቱ በሙሉ ጋዙን ለማሞቅ ይውላል፤ 10.2። እየሰፋ እንዲሄድ ከፈቀዳችሁለት ግን አየሩን ገፍቶ ቦታ ለማግኘት ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፤ 14.3። ሂሊየም በዚሁ መንገድ 3.12ና 5.19፣ ናይትሮጅን 0.743ና 1.04፣ ኦክስጅን 0.658ና 0.918 አለው። ጠጣርና ፈሳሽ ሲሞቅ የሚሰፋው ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱን ክፍል ውስጥ አናነሳውም። በፈተና ላይ «በቋሚ ግፊት» ወይም «በቋሚ ይዘት» የሚለውን ሐረግ ሳያዩ ማለፍ ነጥብ ያስጥላል።

ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት እንዴት እንለካው?

በመዳብ ጀምሩ። ብሎን ማግኘት ቢቀልም ብሎን ንጹህ ብረት ሳይሆን ካርቦን የገባበት ቅይጥ ነው፤ 0.46 እስከ 0.49 ቢወጣ ያጠፋችሁት እናንተ ሳትሆኑ ዕቃው ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ግን ከ99.9 በመቶ በላይ ንጹህ ነው፤ ከቤት ዝርጋታ የተረፈ ቁርጥራጭ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ አይጠፋም።

200 ግራም ያስፈልጋል። 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሚባለው ሽቦ 1 ሜትሩ 22 ግራም ያህል ስለሚመዝን 9 ሜትር ማለት ነው። ፕላስቲኩን በቢላ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ አሲድ አለው፣ ሽቦውንም ያጠቁረዋል። ከዚያ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሽቦውን ላላ አድርጋችሁ እንደ ጥቅል ጠምጥሙትና በናይለን ክር እሰሩት።

ለመለኪያው ዕቃ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገባቸው ላይ ቁረጡ፣ አንዱ ከሌላው ጠበብ ያለ ይሁን። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገብታችሁ መሃሉን በደረቅ ጥጥ ሙሉት። ክዳን ከካርቶን ቆርጣችሁ ለቴርሞሜትርና ለክሩ ሁለት ቀዳዳ አብጁለት። ሚዛኑ ቢያንስ 1 ግራም የሚለይ ይሁን።

ቴርሞሜትሩ እስከ 100 የሚያነብ የላቦራቶሪ መሆን አለበት። የሕመምተኛ ቴርሞሜትር 42 ላይ ያበቃል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ ክፍሉን መርዛማ ያደርገዋል።

አሁን 150 ግራም ውሃ ትንሹ ዕቃ ውስጥ ጨምሩና መጠነ ሙቀቱን መዝግቡ። ሽቦውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ፣ የድስቱን ታች ሳይነካ፣ 5 ደቂቃ አንጠልጥሉት። የሚፈላውንም ውሃ በቴርሞሜትር ለኩት። ሽቦውን አውጥታችሁ ሁለት ሦስቴ አርገፍግፉት፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ አግቡት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ክሩን ወደላይ ወደታች እያደረጋችሁ አማስሉ። ንባቡ እየወጣ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ይቆምና መውረድ ይጀምራል፤ የሚጻፈው ከመውረዱ በፊት ያለው ከፍተኛው ነው።

እንበል ውሃው ከ21 ወደ 29 ወጣ፤ ሽቦው ከ94 ወደ 29 ወረደ። ውሃው የወሰደው 150 × 4.18 × 8 = 5,016 ጁል ነው። ሽቦው የሰጠውም ይኸው ስለሆነ 5,016ን ለ200 × 65 አካፍሉ፤ 0.386። ሠንጠረዡ 0.385 ይላል።

94 ከየት መጣ? ውሃ የሚፈላው በ100 አይደለም?

በባሕር ወለል ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፣ ውሃውም 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታነዱበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው፣ ጋምቤላ ላይ 98።

የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌዎች ብዙውን ጊዜ «ብረቱን ከ100 ዲግሪ ውሃ አወጣነው» ብለው ይጀምራሉ፤ ተማሪውም ሳይለካ 100 ብሎ ይጽፋል። ከላይ ባለው ሙከራ ውስጥ 94ን በ100 ብትተኩት የሽቦው ለውጥ 71 ይሆናል፣ መልሱም 0.353። ከመቶ ከ8 በላይ ስህተት ማለት ነው፣ ሽቦውም ሚዛኑም ምንም ሳያጠፋ። በጅማ ክፍሎች ደጋግመን የምናየው ስህተት ይህ ነው። ድስቱን በክዳን ከድኖ 100 ማድረስም አይቻልም፤ የሚዘጋ ፕሬዠር ኩከር ካልሆነ በስተቀር።

መልሳችን በየጊዜው ይለያያል፤ አንዴ 0.36፣ አንዴ 0.43። ምኑን እንጠርጥር?

አቅጣጫውን አይታችሁ ነው የምትጠረጥሩት። ከፍ ብሎ ከወጣ፣ 0.42 ወይም 0.43፣ ጥፋተኛው ከሽቦው ጋር የተሻገረ የፈላ ውሃ ነው። በጥቅሉ መሃል የተሸሸገ 2 ግራም ውሃ ብቻውን ከ540 ጁል በላይ ይዞ ይገባል፤ መልሱን በ0.04 ያሳብጠዋል። ለዚህ ነው ጥቅሉ ላላ ይበል ያልነው፤ ጠባብ ጥቅል እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ሙከራው ሲያልቅ ውሃውን መልሳችሁ ብትመዝኑት ስንት ግራም እንደተጨመረ ታውቃላችሁ።

ዝቅ ብሎ ከወጣ ሙቀት ሸሽቷል። ሽቦው በአየር ላይ ዘግይቷል፣ ወይም ክዳኑ ክፍት ነበር፣ ወይም የመጨረሻው ንባብ ከወረደ በኋላ ተጽፏል። ንባቡ በግማሽ ዲግሪ ብቻ አንሶ 28.5 ቢጻፍ መልሱ 0.36 ይሆናል። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ ባለ አንድ ዲግሪ መስመር ቴርሞሜትር ላይ በዓይን ግምት የሚጠፋ ነገር ነው። ውሃውን ከ150 ወደ 100 ግራም ብትቀንሱት ለውጡ ከ8 ወደ 11 ዲግሪ ያድጋል፣ የንባብ ስህተቱም ክብደት ያጣል። ሽቦው ግን ሙሉ በሙሉ መጥለቁን አረጋግጡ።

ሌላው ስውር ሌባ ራሱ ዕቃው ነው። በብርጭቆ ከለካችሁ ብርጭቆውም ይሞቃል። 100 ግራም ብርጭቆ በየዲግሪው 84 ጁል ያህል ይወስዳል፤ ካልቆጠራችሁት 0.34 ታገኛላችሁ። ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስን የመረጥነው ስለዚህ ነው።

ሙቀት መሸሹን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም ማመጣጠን ይቻላል። ውሃው ከክፍሉ አየር 4 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢጀምርና 4 ዲግሪ በልጦ ቢጨርስ፣ መጀመሪያ ከአየሩ የሚቀበለውና በኋላ ለአየሩ የሚሰጠው ይቀራረባል። በእንስራ ያደረ ውሃ በላዩ ላይ በሚተነው እርጥበት ከአየሩ ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ ጥሩ ነው።

ከጥጡ ይልቅ ፔርሙስ ብንጠቀምስ?

ሙቀት በመያዝ ይሻላል። ነገር ግን ውስጡ ስስ መስታወት ስለሆነ 200 ግራም ሽቦ ከላይ ከተለቀቀበት ይሰበራል። በክር ቀስ ብሎ ማውረድ የማይችል ክፍል በጠርሙሱ ይቀጥል።

ያልታወቀ ብረት አግኝተን በዚህ መንገድ ምን እንደሆነ ማወቅ እንችላለን? ወርቅስ?

ግማሽ መንገድ ድረስ። 25ን ባገኛችሁት ቁጥር አካፍሉ፤ የአቶሙ ክብደት በግምት ይወጣል። 0.39 ከሆነ 64 ይመጣል። መዳብ 63.5 ነው፣ ዚንክ 65.4፤ በእንዲህ ያለ ሙከራ ሁለቱን መለየት ዘበት ነው። ስለዚህ እፍጋቱን ጨምሩበት፦ መዳብ በሴንቲሜትር ኩብ 8.96 ግራም፣ ዚንክ 7.14። ብረትና ክሮሚየም በሙቀት አቅም አንድ ናቸው፤ በእፍጋት ይለያሉ፣ 7.87ና 7.19።

ለወርቅ ግን ይህ መንገድ አይሆንም። 5 ግራም ቀለበት ከፈላ ውሃ ወጥቶ 20 ግራም ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃውን የሚያሞቀው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ያን በትክክል የሚያነብ ቴርሞሜትር ክፍል ውስጥ የለም። ቢኖርም ወርቅና እርሳስ እኩል 0.129 ናቸው፣ ተንግስተን ደግሞ 0.132 ሆኖ እፍጋቱ እንኳ ከወርቅ ጋር አንድ ነው፣ 19.3። ቀለበታችሁን ወደ ወርቅ ቤት ውሰዱት።

የብረት ምጣድ ሙቀት ይይዛል ይባላል፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን የአሉሚኒየም ግማሽ ነው። ማን ዋሸ?

ማንም። ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ግራም ነው፤ ቡና የሚቆላው ደግሞ በግራም ሳይሆን በምጣዱ ነው። 1.5 ኪሎ የሚመዝን የብረት ምጣድ በየዲግሪው 674 ጁል ይይዛል፤ 400 ግራም የሆነ ስስ የአሉሚኒየም መጥበሻ 359 ጁል። ጥሬው ቡና ሲገለበጥበት መጀመሪያ ላይ 20,000 ጁል ቢስብ፣ እሳቱ እስኪተካው ድረስ ብረቱ 30 ዲግሪ ይወርዳል፣ አሉሚኒየሙ 56። በብረቱ ላይ መቁላቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ በሌላው ቡናው ለጥቂት ጊዜ ይሞቃል እንጂ አይቆላም።

በይዘት ብናወዳድራቸውም ብረት ያሸንፋል። በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ብረት 3.5 ጁል፣ መዳብ ከዚያ እምብዛም ሳያንስ፣ አሉሚኒየም 2.4፣ እርሳስ 1.5። ምጣዱ ቶሎ መሞቁና ዳር ድረስ እኩል መሞቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሙቀት ማስተላለፍ ችሎታ ነው፣ በዚያ በኩል አሉሚኒየም ብረትን ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ካሎሪን ወደ ጁል እንዴት እንለውጥ? በኬልቪንስ?

1 ካሎሪ 4.184 ጁል ነው፤ የድሮ ሠንጠረዥ ላይ ብረት 0.107 ተብሎ ካያችሁ በ4.184 አባዙት። ኬልቪን ምንም አይለውጥም፤ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥና የ1 ኬልቪን ለውጥ እኩል ነው። ለውጡ ላይ 273 የሚደምር ተማሪ ግን በየዓመቱ አይጠፋም። 8 ዲግሪ ለውጥ 281 ኬልቪን ሳይሆን 8 ኬልቪን ነው።

ቁጥሩ በማንኛውም መጠነ ሙቀት አንድ ነው?

አይደለም። መዳብ ከ25 ወደ 100 ዲግሪ ሲሄድ ከመቶ 2 ያህል ይጨምራል፤ ክፍል ውስጥ አይታይም። በ20 ኬልቪን ግን በክፍል ሙቀት ካለው ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ይቀረዋል። ብረት ደግሞ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔትነቱን ስለሚያጣ እዚያ ላይ ቁጥሩ ሾል ብሎ ይወጣና ይመለሳል።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ፣ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። ታዲያ አሮጌ ድስት አቅልጠው የሚሠሩት ለአሉሚኒየሙ ለምን ያን ያህል ከሰል ይፈጃሉ?

መቅለጫው ዝቅ ማለቱ ሙቀቱ ያንሳል ማለት ስላልሆነ። አንድ ግራም አሉሚኒየም ከክፍል ሙቀት እስከ 660 ለማድረስ 0.897 × 635 = 570 ጁል ቢመስልም ቁጥሩ ሲሞቅ እየጨመረ ስለሚሄድ በእውነቱ 670 ገደማ ይፈጃል። እዚያ ሲደርስ ቴርሞሜትሩ ቆሞ ለመቅለጡ ብቻ ሌላ 397 ጁል ይጠጣል፤ ስውር ሙቀት የሚባለው ነው፣ ከልዩ የሙቀት አቅም ጋር አይደባለቅ። ድምሩ 1,070 ያህል ነው። መዳብ ለማሞቂያው 460፣ ለመቅለጫው 205፣ በድምሩ 670 ያህል ይበቃዋል። በኪሎ ስናየው አሉሚኒየም የመዳብን አንድ ተኩል እጥፍ ይበላል። ለመዳቡ የሚከብደው የሙቀቱ ብዛት ሳይሆን ምድጃውን 1,085 ማድረሱ ነው፤ ያለ ወናፍ አይሞከርም።

የቀለጠው አሉሚኒየም ወደ ቅርጹ ሳይረጋ እንዲፈስ ደግሞ ከ660 በላይ ይሞቃል። የፈሳሹ ልዩ የሙቀት አቅም 1.18 ስለሆነ 60 ዲግሪ ለመጨመር በየግራሙ 71 ጁል ነው፤ ከዚያ በላይ ማንደድ ከሰል ከመፍጀቱ ሌላ ፈሳሹ ከአየሩ እርጥበት ሃይድሮጅን እንዲጠጣ ያደርገዋል፣ ድስቱም ሲረጋ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።